በእንቁራሪት ፅንስ ውስጥ ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች ሥራ የሚጀምሩት መቼና እንዴት ነው? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ምንድን ነው? ስለምንስ በእንቁራሪት ላይ ይጠናል?

መልስ፦ ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቆ አንድ ጂን እንዲነበብ ወይም እንዳይነበብ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። ዜኖፐስ ሌቪስ የተባለው የደቡባዊ አፍሪካ እንቁራሪት እንቁላል ዲያሜትሩ ከ1 ሚሊሜትር ስለሚበልጥ አርኤንኤን (ከጂን የሚቀዳውን ሞለኪውል) በቀጭን መርፌ ለመጨመር ያመቻል፤ ፅንሱም ከእናቱ አካል ውጭ ስለሚያድግ ለውጡን በየሰዓቱ መከታተል ይቻላል። የቅርብ ዘመዱ ዜኖፐስ ክሊቪ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ይኖራል።

ጥያቄ፦ ፅንሱ መጀመሪያ ላይ የራሱን ጂኖች የማያነብ ከሆነ እነዚህ ፕሮቲኖች ከየት ይመጣሉ?

መልስ፦ ከእናቱ ነው። ፕሮቲኖቹ ራሳቸው ወይም የሚሠሩባቸው መልእክተኛ አርኤንኤዎች እንቁላሉ ሲበስል ተከማችተው ይቆያሉ፤ ለምሳሌ ቬግቲ የተባለው ፋክተር መልእክተኛ አርኤንኤ በእንቁላሉ የታችኛው ዋልታ ብቻ ስለሚቀመጥ፣ አንጀትንና ሌሎች የውስጥ አካላትን የሚያስገኙት ሕዋሳት ከዚያው ወገን ይነሣሉ። ተመራማሪዎቹ ኒውፖርትና ኪርሽነር በ1982 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የፅንሱ ጂኖች በስፋት መነበብ የሚጀምሩት ከ12 ክፍፍሎች በኋላ፣ ሕዋሳቱ 4,000 ያህል ሲደርሱ ነው። እስከዚያ ድረስ የሕዋስ ዑደቱ እጅግ አጭር ነው፤ ከእናት የመጣው የተትረፈረፈ ሂስቶንም (ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ፕሮቲን) ዲኤንኤውን እየሸፈነ ፋክተሮቹን ይሻማል፤ በየክፍፍሉ ዲኤንኤው እጥፍ ሲሆን ግን ሂስቶኑ አይበቃም፣ ፋክተሮቹም ዲኤንኤውን ያገኛሉ። ጥቂት ጂኖች፣ ለምሳሌ ኤክስኤንአር5፣ ከዚህ ጊዜ አስቀድመው ይነበባሉ።

ጥያቄ፦ ፕሮቲኑ በሕዋሱ ውስጥ እያለ ሥራውን እንዳይጀምር የሚያግደው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል የምለው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ የፕሮቲኑ መኖር ብቻውን ስለ ሥራው የሚነግረን ጥቂት ነው። አንዱ እገዳ የቦታ ነው፤ ኤክስኤንኤፍ7 የተባለው ፕሮቲን እንቁላሉ ሲበስል ከኒውክለስ (ዲኤንኤው ካለበት የሕዋሱ ክፍል) ወጥቶ በዙሪያው ባለው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይያዛል፣ የሚመለሰውም የፅንሱ ጂኖች መነበብ በሚጀምሩበት ጊዜ አካባቢ ነው። ሌላው እገዳ ኬሚካዊ ነው፤ ስማድ2 የተባለው ፋክተር ኖዳል ከተባለው የምልክት ፕሮቲን የሚመጣው መልእክት ደርሶ ፎስፌት እስኪጨመርበት ድረስ ኒውክለስ ውስጥ አይከማችም፤ ከተከማቸም በኋላ ፎክስኤች1ን ከመሰለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ነው ዒላማ ጂኖቹን የሚያነቃው።

ሦስተኛው ምሳሌ ቤታ ካቴኒን የተባለው ፕሮቲን ነው፤ እርሱ ራሱ ከዲኤንኤ ጋር ባይጣበቅም ቲሲኤፍ3 የተባለውን ፋክተር ሥራ ይቀይራል። እንቁላሉ ከተዳቀለ በኋላ በመጀመሪያው ዑደት ውጫዊ ሽፋኑ ከውስጠኛው ይዘት አንጻር 30 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ በዚህም ከታችኛው ዋልታ የተነሡ ነገሮች የወንዴ ዘር ከገባበት ተቃራኒ ወደሆነው ወገን ይሄዳሉ። በሌላው ወገን ጂኤስኬ3 የተባለው ኢንዛይም በቤታ ካቴኒን ላይ ፎስፌት እየጨመረ ለመፍረስ ሲዳርገው፣ ነገሮቹ በሄዱበት ወገን ግን ቤታ ካቴኒን ከመፍረስ ተርፎ ኒውክለስ ይገባል፣ ቲሲኤፍ3 ያፈናቸውንም እንደ ሳያሞይስ ያሉ ጂኖች ነጻ ያወጣል፤ ጀርባውም በዚያ ወገን ይሠራል።

ጥያቄ፦ ይህ በሙከራ ተረጋግጧል?

መልስ፦ አዎን። በመጀመሪያው ዑደት የታችኛው ዋልታ አልትራቫዮሌት ጨረር ቢያርፍበት መዞሩ ይሰናከላል፣ ፅንሱም ጀርባና ጭንቅላት ያጣል። ጂኤስኬ3ን የሚገታው ሊቲየም በተቃራኒው ጀርባና ጭንቅላት ያበዛል። የሳያሞይስ መልእክተኛ አርኤንኤ በሆድ ወገን ሲጨመር ደግሞ ሁለተኛ የጀርባ ዘንግ ይወጣል።

ጥያቄ፦ በአንጻሩ ሥራቸው የሚቀንስ ፋክተሮች አሉ?

መልስ፦ አሉ። ከእንቁራሪቱ ያልበሰሉ እንቁላሎች የተገኘው ቲኤፍ3ኤ 5ኤስ የተባለውን የራይቦዞም (በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራበት መዋቅር) አርኤንኤ የሚያስገኙ ጂኖችን ያነቃል፤ እነርሱም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት በእንቁላል ውስጥ የሚነበበውና 20,000 ያህል ቅጂ ያለው ነው፤ ሁለተኛው በአካል ሕዋሳት የሚነበበውና 400 ያህል ቅጂ ያለው ነው። ፅንሱ ሲያድግ በየሕዋሱ የሚደርሰው ቲኤፍ3ኤ እጅግ ያንሳል፣ ሂስቶን ኤች1 ደግሞ ይጨምራል፤ በዚህም ብዙ ቅጂ ያላቸው የእንቁላል ጂኖች ሲዘጉ ጥቂት ቅጂ ያላቸው የአካል ሕዋሳት ጂኖች መነበባቸውን ይቀጥላሉ።