አዲስ አበባ የሠራ ዱቄት ሳሙና ድሬዳዋ ላይ ቅባት የማያስለቅቀው ለምንድን ነው?

ከድሬዳዋ የጻፉልን እህት ከጓደኞቻቸው ጋር ተደራጅተው የልብስ ዱቄት ሳሙና ያመርታሉ። ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ ነው። እዚያ ሲሞክሩት ልብሱ ይጠራ፣ አረፋውም ሳፋውን ይሞላ ነበር። ድሬዳዋ ላይ መሸጥ ሲጀምሩ ግን ከምግብ ቤቶችም ከቤተሰቦችም ቅሬታ መጣ። የወጥና የቅቤ እድፍ አይለቅም፤ ነጭ ልብስ ቀስ በቀስ ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ፎጣ ሲደርቅ ይሻክራል። ዋና አጣቢ የሚሠራበትን ሰልፎኒክ አሲድ፣ በ100 ኪሎ 12 የነበረውን፣ ወደ 16 ኪሎ አሳደጉት። ወጪው ጨመረ፣ ቅሬታው ግን እንዳለ ነው። የአሁኑ ቅመማቸው ሰልፎኒክ አሲድ 16፣ ሶዳ አሽ 35፣ ሶዲየም ሰልፌት 40፣ የገበታ ጨው 8፣ ሲኤምሲ (የለቀቀ ቆሻሻ ተመልሶ ልብስ ላይ እንዳይቀመጥ የሚከላከል ዱቄት) ግማሽ ኪሎ፣ የቀረው ሽቶና ቀለም ነው። «አረፋ የሚጨምር ምን ልግዛ?» ብለው ጠይቀዋል።

እህቴ፣ አረፋ የሚጨምር ነገር አይግዙ። ሰልፎኒክ አሲዱንም ከዚህ በላይ አያሳድጉ፤ እንዲያውም እንዲቀንሱት ነው የምመክርዎ። ችግሩ ያለው ውኃው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚጠጣው ውኃ የዝናብና የወንዝ ውኃ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ድሬዳዋ ግን የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ ያም ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ የተተከለው ይኸው ድንጋይ በአካባቢው ስላለ ነው። ከድንጋዩ የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም በቧንቧው ገብቶ፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ፣ በመጨረሻ እርስዎ ሳሙና በሚበጠብጡበት ሳፋ ውስጥ ይገኛል። መቀሌም ብትሆን የኖራ ድንጋይ አገር ናትና እዚያ የምትሠሩ ሁሉ ይህ መልስ ይመለከታችኋል።

ካልሲየም ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ላሳይዎ። የውኃው ጥንካሬ፣ ማለትም የሟሟበት የካልሲየምና የማግኒዥየም ልክ፣ በሊትር 350 ሚሊ ግራም ነው እንበል። እንዲህ ያለው ልክ በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ ነው የሚነገረው፤ ከ180 በላይ የሆነ ሁሉ በጣም ጠንካራ ይባላል። 20 ሊትር በሚይዝ ሳፋ ውስጥ 7 ግራም ጥንካሬ አለ ማለት ነው። አንድ የካልሲየም ቅንጣት ከሰልፎኒክ አሲድ የተሠራውን አጣቢ ሁለት ሁለቱን ይዞ የማይሟሟ ዝቃጭ ያደርገዋል። በዚህ ስሌት የሳፋው ካልሲየም ከ45 ግራም በላይ ሰልፎኒክ አሲድ ሊይዝ ይችላል። 100 ግራም ዱቄትዎ ውስጥ ያለው 16 ግራም ነው። በተግባር ሁሉም አይዘቅጥም፤ የተወሰነው ሥራውን ይሠራል። ሆኖም 4 ኪሎ ጨምረው ለውጥ ያላዩበትን ምክንያት ይህ ስሌት በቂ ሆኖ ያስረዳል።

በዚህ አያበቃም። ቅቤና ዘይት ሲቆዩ ከፊላቸው ወደ ቅባት አሲድ ይለወጣል። ይህ አሲድ ካልሲየም ሲያገኝ ውኃ የማይፈታው ዝልግልግ የኖራ ሳሙና ይሆንና ጥጡ ላይ ይጣበቃል። ካልሲየም በልብሱና በቆሻሻው መካከል ማያያዣ ሆኖም ያገለግላል፤ ስለዚህ አንዴ የለቀቀው ቆሻሻ ሳይቀር ተመልሶ ይቀመጣል። ደንበኞችዎ ግራጫ የሚሉት ይህ ነው።

«ታዲያ ሶዳ አሹ ካልሲየሙን አይጥለውም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ይጥለዋል። 35 ግራም ሶዳ አሲዱን ገድሎ (አሲድነቱን አጥፍቶ) የሚተርፈው እንኳ ለዚያ ሳፋ ካልሲየም ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሶዳው ሥራውን ለመጨረስ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ካልሲየሙ ግን አጣቢውን የሚይዘው ወዲያው ነው። ሁለተኛ፣ ሶዳው የጣለው ኖራ ደቃቅ ጠጠር ሆኖ ክሮቹ መካከል ይቀመጣል። ፎጣው የሻከረው ከዚህ ነው። ለማረጋገጥ የሻከረውን ፎጣ ትንሽ አቼቶ በተቀላቀለበት ውኃ ዘፍዝፈው ያለቅልቁት፤ ለስልሶ ከደረቀ የያዘው ኖራ ነበር። አቼቶና በረኪና ግን አንድ ላይ እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ነጭ አቡጀዲ ቆርጠው ንጥር ቅቤ ከበርበሬ ጋር ያንጠባጥቡበትና ያሳድሩት። ከዚያ ለሁለት ይክፈሉትና አንዱን በቧንቧ ውኃ፣ ሌላውን በዝናብ ውኃ ወይም ታሽጎ በሚሸጥ የተጣራ ውኃ፣ በአሁኑ ዱቄትዎ እኩል መጠን፣ እኩል ሙቀት፣ እኩል ጊዜ ይጠቡ። የዝናቡ ጠርቶ የቧንቧው ካልጠራ ቀመርዎ ለውኃው እንዳልተሠራ በዓይንዎ አዩ። ሁለቱም ካልጠሩ ደግሞ የገዙት አሲድ ራሱ የተበረዘ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ይመርምሩ። የበርበሬው ቀይ ቀለም ቢቀር አይደንግጡ። ቀለሙ በስብ የሚሟሟ ነው፤ ስቡ በደንብ ከወጣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይደበዝዛል። ፀሐይ ላይ ውሎ የማይለቅ ከሆነ ግን ስቡ ገና አልወጣም።

የውኃውን ጥንካሬም ይለኩ። የመለኪያ ወረቀት ይበቃል፤ ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን ግን የውኃ ላቦራቶሪ ወይም የኮሌጅ ኬሚስትሪ ክፍል ካልሲየምና ማግኒዥየምን በሚይዘው ኬሚካል በኢዲቲኤ ሊለካልዎ ይችላል። 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ወስደው፣ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የሚባለውን ጠቋሚ ቀለም ጠብ አድርገው፣ ከወይን ጠጅ ቀለም ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ 0.01 ሞላር ኢዲቲኤ ያንጠባጥባሉ። የፈሰሰውን ሚሊ ሊትር በ20 ማባዛት ነው፤ 17.5 ከፈሰሰ ጥንካሬው 350 ነው። ከተለያዩ ሰፈሮች ውኃ ይውሰዱ፤ ጉድጓዱ ከተለያየ ቁጥሩም ይለያያል።

አሁን ወደ ቅመማው። ካልሲየሙን አጣቢውን ሳይነካ በፍጥነት የሚይዝለት ነገር ያስፈልጋል። ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ኤስቲፒፒ የሚባለው ፎስፌት ነው። ካልሲየሙንም ማግኒዥየሙንም ይዞ አሟሙቶ ያስቀራል፣ ቆሻሻውንም ያንሳፍፋል፤ በሥራው እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን ከልብስ አጠባ የሚወጣው ፎስፈረስ ሐይቅና ወንዝ ሲገባ አልጌና አረም ይቀልባል። አውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2013 ጀምሮ በቤት የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለውን ፎስፌት በጥብቅ የገደበው በዚህ ምክንያት ነው። እንቦጭ ጣና ላይ ያደረሰውን ያየ አገር ይህን ቀላል ነገር ብሎ ማለፍ አይገባውም። ስለዚህ እኔ የምመርጥልዎ ሁለተኛውን፣ ዚዮላይት 4ኤ የሚባለውን ነጭ ደቃቅ ዱቄት ነው። ካልሲየሙን ወደ ራሱ ስቦ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ለዚያ ሳፋ ሙሉ ጥንካሬ ብቻውን 26 ግራም ያህል ይፈልጋል፤ ሶዳው ስለሚያግዘው ግን ከዚያ ባነሰ ይበቃል። ማግኒዥየምን በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ አይዝም፤ ለዚያ ሶዲየም ሲሊኬት እንጨምራለን። ዚዮላይቱ አይሟሟም፣ ውኃውን ያደፈርሳል፤ ስለዚህ ልብሱ በደንብ መለቅለቅ እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ይጻፉ።

ለ100 ኪሎ የምጀምርበት ይህ ነው፤ ሰልፎኒክ አሲድ 9፣ ባለ 7 ኢቶክሲሌት ኖንአዮኒክ (ኤሌክትሪክ ሙል የሌለው አጣቢ) 3፣ ቀላሉ ሶዳ አሽ 22፣ ዚዮላይት 20፣ የሶዲየም ሲሊኬት ዱቄት 5፣ የፖሊካርቦክሲሌት ዱቄት 2፣ ሲኤምሲ 1፣ ቅባት የሚፈጨው የሊፔዝና ፕሮቲን የሚፈጨው የፕሮቲዬዝ ኢንዛይም ግማሽ ግማሽ ኪሎ፣ ሽቶና ማንጪያ በጥቂቱ፣ የቀረው 36 ኪሎ ከምናምን ሶዲየም ሰልፌት። የገበታ ጨው ከነጭራሹ ይውጣ። በውኃው ላይ ሌላ ጨው ሲጨመር አጣቢው ይበልጥ ለመሟሟት ይቸገራል፣ ዱቄቱም እርጥበት እየሳበ ይጓጉላል።

ከእነዚህ ውስጥ ለቅባት ዋናው ኖንአዮኒኩ ነው። ኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ካልሲየም አይዘውም፤ ዘይትና ቅቤን በቀዝቃዛ ውኃ ሳይቀር ይፈታል። አረፋው አነስተኛ ስለሆነ ግን በእጅ የሚያጥቡ ደንበኞች ይጠራጠሩታል። አረፋ ቅባት ያስለቅቃል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም፤ ይሁንና ሳፋው ላይ አረፋ ያላየች እናት ዱቄትዎን ደግማ ስለማትገዛ ይህንንም ማክበር ያስፈልጋል። ከኖንአዮኒኩ አንድ ኪሎውን በሁለት ኪሎ ኤስኤልኢኤስ፣ በገበያው ቴክሳፖን በሚባለው፣ ይተኩት። ጠንካራ ውኃን ከሰልፎኒክ አሲድ በተሻለ ይቋቋማል፣ አረፋውም ጥሩ ነው። ከሁለት ኪሎ አያልፉ፤ ውስጡ ውኃ ስላለ ዱቄቱን ያረጥበዋል።

ፖሊካርቦክሲሌቱን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ይዘለዋል። ሶዳው የሚጥለው ኖራ ጠጠር ሠርቶ ልብስ ላይ እንዳያድግ የሚከለክለው እሱ ነው። ሁለት ኪሎ ብቻ ሆኖ በፎጣው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው።

የአደባለቅ ቅደም ተከተሉን እንዳያፋልሱ አደራ። ሶዳ አሹን ብቻውን ማደባለቂያው ውስጥ ያስገቡ፤ ቀላሉ፣ ፈሳሽ የሚመጥጠው ዓይነት መሆን አለበት። ሰልፎኒክ አሲዱን እያዞሩ በቀጭኑ ያፍስሱት። ይሞቃል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ቡናማው ቀለም ወደ ክሬም ይለወጣል። ጓንትና መነጽር ሳያደርግ፣ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን ማንም እዚያ አይቁም። ቡናማ ነጠብጣብ እስከሚጠፋ ድረስ ዚዮላይት እንዳይገባ! ያልተገደለ አሲድ ዚዮላይቱን ይሰባብረዋል፤ ከተሰበረ ደግሞ ካልሲየም አይዝም፣ የከፈሉበት ዕቃ ተራ ሙሊት ይሆናል። አሲዱ መሞቱን ካረጋገጡ በኋላ ዚዮላይቱን ይጨምሩና ኖንአዮኒኩን በላዩ ላይ ያርከፍክፉት፤ ደህና አድርጎ ይመጥጠዋል። ቀጥሎ ሰልፌቱ፣ ሲሊኬቱ፣ ፖሊካርቦክሲሌቱና ሲኤምሲው። ካሳደሩት በኋላ ይንፉትና ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ሽቶውንና ኢንዛይሙን ያግቡ። አንድ በመቶ ሙሙቱ ፒኤች ከ10 እስከ 10.8 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ11 በላይ ከሆነ የአጣቢዋን እጅ ይልጣል።

ስለ ኢንዛይም አንድ ነገር ልበል። ቅባት የሚፈጨው ሊፔዝ ለሳሙና ገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ጠንካራ ውኃም አያግደውም። በአንድ እጥበት ሙሉ ውጤቱ አይታይም፤ በተደጋጋሚ እጥበት ነው የሚታወቀው። የሚገዙት ግን የተሸፈነ ፍሬ መሆን አለበት፣ ፈጽሞ ዱቄት አይሁን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ የኢንዛይም ብናኝ የተነፈሱ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች አስም ይዟቸው ነበር፤ ፍሬው የሚሸፈነው ከዚያ በተገኘ ትምህርት ነው። ሰው ጤናውን የሚያጣበት ሳሙና አይሠራም። በረኪና ኢንዛይሙን ስለሚገድለው ደንበኞችዎ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳይዘፈዝፉ ይንገሯቸው።

ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው መመሪያ ከቅመማው ባልተናነሰ ይጠቅማል። ዱቄቱ መጀመሪያ በውኃው ይበጥበጥ፤ ልብሱ ሳይገባ አምስት አሥር ደቂቃ ይቆይ። በዚያ ጊዜ ዚዮላይቱና ሶዳው ካልሲየሙን ይጨርሱታል፣ አጣቢውም ነጻ ሆኖ ቅባቱን ያገኛል። ልብስ አስቀድሞ ገብቶ ዱቄቱ በላዩ ከተነሰነሰ ይህ ጥቅም ይቀራል። ቅቤ ደግሞ የሚቀልጠው 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የጸጉር ቅቤ የነካው ነጠላና የወጥ ቤት ሽርጥ ለእጅ ሞቅ በሚል ውኃ፣ 40 ዲግሪ ገደማ፣ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ። ከዚያ በላይ ማፍላት አያስፈልግም።

ይህ ቅመማ ከአሁኑ ሊወደድብዎ ይችላል፤ ሰልፎኒክ አሲዱን ከ16 ወደ 9 ማውረድዎ ከፊሉን ያካክሳል። አሁንም ዋጋው ካልወጣልዎ መጀመሪያ ፕሮቲዬዙን ያውጡ፣ ከዚያ ማንጪያውን፣ ከዚያ ሊፔዙን። ዚዮላይቱን ከ20 ወደ 15 ማውረድ የሚችሉት የለኩት ጥንካሬ ከ250 በታች ከሆነ ብቻ ነው። ኖንአዮኒኩንና ፖሊካርቦክሲሌቱን አይንኩ። አዲሱን ቅመማ ሲጨርሱ ያንኑ የአቡጀዲ ሙከራ በቧንቧ ውኃ ይድገሙት፤ አንዱን ንጹሕ ፎጣ ደግሞ አሥር ጊዜ እያጠቡ እያደረቁ መሻከሩን በእጅዎ ይዳስሱ። ከሻከረ ሶዳውን ወደ 18 አውርደው ልዩነቱን ለዚዮላይት ይስጡት።