ለለምጽ የተፈቀደው አዲስ ክሬም ቀለሜን ይመልስልኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በአፌ ዙሪያ የጀመረኝ ለምጽ አሁን ዐይኔ ሽፋን ላይና የጣቶቼ ጫፍ ላይ ደርሷል። የታዘዘልኝን የስቴሮይድ ቅባት ሳላቋርጥ እቀባለሁ። ለለምጽ አዲስ መድኃኒት ተፈቅዷል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ቀለሜስ ይመለሳል?

መልስ፦ እውነት ነው። መድኃኒቱ ሩክሶሊቲኒብ የተባለ ክሬም ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሕሙማን ፈቅዶታል፤ አውሮፓም በ2023 ተከትሏል። ፈቃዱ በሁለቱም የሰውነት ጎኖች ለሚወጣው የለምጽ ዓይነት ነው። በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣውን አይጨምርም።

ለምጽ የሚመጣው የራስዎ የመከላከያ ሴሎች ቀለም አምራች ሴሎችን እንደ ጠላት ቆጥረው ሲያጠቋቸው ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከሥጋ ደዌ ጋርም ምንም ዝምድና የለውም። ክሬሙ አጥቂዎቹ ሴሎች የሚጠራሩበትን ጃክ የተባለ የመልእክት መንገድ ይዘጋል። ጥቃቱ ጋብ ሲል ከፀጉር ሥር የተረፉት ቀለም አምራቾች ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያዩት በነጩ ቆዳ መሐል፣ በብዕር ጫፍ የተነጠቡ የሚመስሉ ቡናማ ነጥቦችን ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ስለ እርስዎ ልናገር። ፊትዎ ጥሩ ተስፋ አለው። የጣቶች ጫፍ ግን ፀጉር ስለሌለው ቀለም የሚመለስበት ምንጭ አነስተኛ ነው፤ እዚያ ብዙ እንዲጠብቁ አልፈልግም። በጥናቶቹ ከ24 ሳምንት በኋላ የፊታቸው ለምጽ ቢያንስ በ75 በመቶ የተሻሻለላቸው ከ100 ሰዎች 30 ያህሉ ነበሩ፤ መድኃኒት የሌለው ክሬም ከተቀቡት ግን 10 ያህሉ ብቻ። አንድ ዓመት በቀጠሉት ዘንድ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ተጠግቷል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሕክምና ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ከሰውነት ቆዳ ከ10 በመቶ በላይ ግን አይቀባም። ጣቶችን ጨምሮ አንድ መዳፍዎ 1 በመቶ ያህል ነው ብለው ይለኩት። በተቀባበት ቦታ ብጉርና ማሳከክ ሊያስከትል ይችላል። ይህን የጃክ መንገድ የሚዘጉ መድኃኒቶች ስለ ከባድ ኢንፌክሽን፣ ስለ ደም መርጋት፣ ስለ ልብ ሕመምና ስለ ካንሰር ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የጉበት ቫይረስ ካለብዎት ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የስቴሮይዱ ቅባት ነው። የዐይን ሽፋን ቆዳ እጅግ ስስ ነው። ስቴሮይድ እዚያ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ የዐይን ግፊትንም ሊጨምር ይችላል። እባክዎ በዚህ ሳምንት ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ፤ የዐይን ግፊትዎም ይለካ። ለዚህ ቦታ ታክሮሊመስ የተባለው ቅባት ይመረጣል። አዲሱን ክሬም ባያገኙ እንኳ ታክሮሊመስና ጠባብ ሞገድ ያለው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሕክምና ብዙ ሰዎችን ረድተዋል። በዚያው ቀጠሮ ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ የታይሮይድ ሕመም ከለምጽ ጋር አብሮ ይታያልና።

የትኛውንም ሕክምና ቢጀምሩ በመጀመሪያው ቀን በመስኮት ብርሃን ፊትዎን ፎቶ ያንሱ፣ በየወሩም እዚያው ቦታ ይድገሙት። በየቀኑ መስታወት የሚያይ ሰው እነዚያ ቡናማ ነጥቦች መጨመራቸውን ልብ ስለማይል፣ መድኃኒቱ ሊሠራ ሲጀምር ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።