ያላዩትን ደን ለአደን ማጥናት

ጥያቄ፦ የፒያሳ ነዋሪ ነኝ። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ኮሎራዶ ወስዶ አጋዘን ሊያሳድነኝ አስቧል። ሁለታችንም ቦታውን አናውቀውም፤ ከወዲሁ እንዴት እናጥናው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከቦታው በፊት ፈቃዱ ይቀድማል። የኮሎራዶ የአጋዘን ፈቃድ በዕጣ የሚሰጥ ሲሆን ማመልከቻው የሚዘጋው በመጋቢት መጨረሻ ሳምንት ነው፤ ወንድምዎም የሌላ ግዛት ነዋሪ በመሆናቸው ከአገሬው ሰው የላቀ ዋጋ ይከፍላሉ። በጎብኚ ቪዛ የሚገባ ሰው ጠመንጃ መያዝ የሚችለው ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ሲኖረው መሆኑንም አይዘንጉ።

ዋናው ጥናት ግን እዚሁ ቤትዎ ተቀምጠው ሊሠሩት የሚችሉት ነው። እንደ ኋይት ሪቨር ያሉት ብሔራዊ ደኖች ለአደን ክፍት ሲሆኑ፣ የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ዝግ ነው። የሕዝቡን መሬት ከግል ይዞታ የሚለይ ካርታ ይያዙ፤ ዙሪያውን በግል መሬት ተከቦ መግቢያ የሌለው የሕዝብ መሬት ብዙ ነውና። ቀጥሎ በካርታው ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን የከፍታ መስመሮች ይመልከቱ፤ ሲጠጋጉ መሬቱ ገደላማ፣ ሲራራቁ ሜዳማ ነው፦ መስመሮቹ ተጠጋግተው ወርደው ድንገት የሚራራቁበት ስፍራ በተዳፋቱ መካከል ያለ ሜዳማ እርከን ስለሆነ፣ አጋዘን ሊተኛበት ይችላል። በረዶ ሲጥል እንስሳቱ ከከፍታው ወደ ቆላው ስለሚወርዱ፣ አንድ ከፍታ ላይ ብቻ አይተማመኑ። ከመኪና መንገድ ርቆ የሚገኘውን ይምረጡ፤ አብዛኛው አዳኝ ብዙ መራመድ አይወድም።

ስፍራው ሲደርሱ ቅርፊቱ በቀንድ የተላጠ ችግኝ ይፈልጉ። (የእኛ አገር አጋዘን ቀንዱን አይጥልም፤ የእነሱ ግን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል።) እስከዚያው ሸክም ይዘው እንጦጦን መውጣት ይለማመዱ።