የመዋኛ ገንዳው ነጭ ዱቄት ጨው ነው ወይስ አሲድ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ በጅማ ከተማ በአንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ እንከባከባለሁ። የውኃውን ፒኤች (ዝቅ ባለ መጠን አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ለማውረድ የምንጨምረው ነጭ ዱቄት «ሶዲየም ባይሰልፌት» የሚባል ጨው ነው። ጨው አሲድና ቤዝ ተዋሕደው የሚገኝ እንደሆነ ተምሬአለሁ፤ ይህኛው ግን እርጥብ እጅ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ቤኪንግ ሶዳም የሶዲየም ጨው ሆኖ ሳለ ለምን አያቃጥልም? በክረምትስ ዱቄቱ ለምን ይጋገራል?

መልስ፦ ጠያቂያችን የተማሩት ትክክል ነው፤ የጎደለው ውሕደቱ በግማሽ መንገድ ሊቆም እንደሚችል ነው። ሰልፈሪክ አሲድ ሁለት ሃይድሮጅን ስላለው፣ ሁለቱም በሶዲየም ሲተኩ ውኃን እምብዛም የማያኮመጥጠው ሶዲየም ሰልፌት ይገኛል፤ አንዱ ብቻ ሲተካ ደግሞ የእርስዎ ዱቄት ይሆናል። እጅዎን ያቃጠለው ሳይተካ የቀረው ሃይድሮጅን ነው፤ ዱቄቱ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮጅኑ ይለቀቃልና።

ቤኪንግ ሶዳም እንዲሁ ያልተተካ ሃይድሮጅን አለው፤ ነገር ግን አጥብቆ ይዞታል። ኬሚስቶች ይህን አያያዝ ፒኬኤ በሚባል ቁጥር ይገልጹታል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አሲዱ ይበረታል። የባይሰልፌት 2 ገደማ፣ የባይካርቦኔት (የቤኪንግ ሶዳው) 10.3 ገደማ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አሐድ የአሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ100 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። እንዲያውም ቤኪንግ ሶዳ ከውኃው ሃይድሮጅን መቀበል ስለሚቀናው፣ የሟሟበት ውኃ ፒኤች ከ8 ጥቂት ከፍ ይላል። ሁለቱን በአንድ ባልዲ የሚበጠብጥ ሰው የሚያተርፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ብቻ ነው።

ዱቄቱ የሚጋገረው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ነው፤ በጅማ ክረምት አፉ ክፍት የቀረ ከረጢት ድንጋይ ቢሆን አይገርምም። አሲድነቱ አይጠፋም፤ ሆኖም ውኃ ስለጠጣ በክብደት ሲለካ ከደረቁ ጥቂት ይደክማል። ምድጃ ላይ ላድርቀው ማለት ግን አይገባም፤ ውኃ የያዘው ዓይነት በ58 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ እጅግ ሲግል ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ የሰልፈር ትራይኦክሳይድ ጋዝ ይለቃል።

ያልጠየቁንን እንጨምር፤ ከሁሉ የሚያሰጋው እሱ ነውና። ይህ ዱቄት ከበረኪና ወይም ከገንዳው የክሎሪን ዱቄት ጋር በቀጥታ ከተገናኘ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ በተለያየ ክፍል ይቀመጡ፤ መስፈሪያቸውም አይቀላቀል። ባይሰልፌቱን ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ ውኃ በያዘ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩት፤ ዚንክ የተቀባ የቆርቆሮ ባልዲን ይበላዋል። የገንዳው ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል ከሆነ ዱቄቱን መጨመር አያስፈልግም።