ሃርድ ዲስክ ለአገር ቤት ስትገዙ ከአምራቹ ስም ይልቅ የሞዴሉ ታሪክ ይታይ

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በለገጣፎ ቤት ሠርታችሁ በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ የየትኛው ኩባንያ ሃርድ ዲስክ እንደሚሻል ነው። በግቢው ካሜራ መቅጃ ውስጥ የሚገባው ወይም የወላጆች ፎቶግራፍና የካርታው ቅጂ የሚቀመጥበት ዲስክ ሲበላሽ የሚጠፋው በገንዘብ ስለማይመለስ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በኩባንያ ስም ብቻ መምረጥ ያሳስታል።

ዛሬ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚያመርቱት ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ብቻ ናቸው። የሳምሰንግ የሃርድ ዲስክ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 በሲጌት፣ የሂታቺ ደግሞ በ2012 በዌስተርን ዲጂታል ስለተገዙ፣ «ሂታቺ አይበላሽም» የሚለው የቆየ ምክር ለዛሬ ገዢ ብዙም አይጠቅምም።

ከአምራቾች ማስታወቂያ ውጭ ካሉት መረጃዎች እኔ የምተማመነው ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ የመረጃ ማከማቻ ድርጅት በየሦስት ወሩ በሚያወጣው አኃዝ ነው። ድርጅቱ ከ300,000 በላይ ዲስኮችን እያሠራ ስንቱ እንደተበላሸ በየሞዴሉ ለይቶ ይገልጻል። የሁሉም ዲስኮቹ ዓመታዊ የብልሽት ምጣኔ እ.ኤ.አ. በ2023 1.70 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ 1.57 በመቶ ነበር። አማካዩ ግን የሚሸፍነው ነገር አለ፤ የሲጌት ባለ 3 ቴራባይት ባራኩዳ በዚያ ድርጅት ውስጥ በዓመት ከሩብ በላይ የሚሆነው ሲበላሽ፣ የዚያው ኩባንያ ባለ 6 ቴራባይት ሞዴል ግን ለዓመታት አገልግሎ እጅግ ጥቂት ብቻ ተበላሽቶበታል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር በባክብሌዝ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ፤ ምጣኔው በስንት ዲስክና በስንት የሥራ ቀን ላይ እንደተሰላም ተመልከቱ፤ ምክንያቱም በጥቂት ዲስኮች ላይ የታየ ሁለት ብልሽት ምጣኔውን ያለአግባብ ሊያንረው ይችላል።

በአምራቹ መግለጫ ላይ የሚታየው «1,000,000 ሰዓት» የሚለው ቁጥር ደግሞ ዲስኩ 114 ዓመት ይሠራል ማለት አይደለም። ትርጉሙ በርካታ ዲስኮች አብረው ሲሠሩ በዓመት 0.9 በመቶ ያህሉ ይበላሻሉ የሚል ግምት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን በሥራ ላይ ካሉ ዲስኮች በዓመት የሚተኩት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

እነዚህ በሥራ ላይ የታዩ አኃዞች የተገኙት ግን በአብዛኛው መብራት በማይቆራረጥበትና አየሩ በሚቀዘቅዝ አዳራሽ ውስጥ ነው። የእኛ ዳርቻ ሁኔታ ሌላ ነው። በአንድ የሱሉልታ ግቢ ያየሁት መቅጃ በጥበቃው ክፍል በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ነበር፤ ዲስኩም በተነሳ ቁጥር ጠቅ፣ ጠቅ ይል ነበር። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ይላል፤ የዲስኩ ማንበቢያ ራስ ደግሞ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያ ክፍተት ይጠባል፣ ሙቀትም በቶሎ አይወጣም። አብዛኞቹ አምራቾች የፈቀዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ስለሆነ ሱሉልታና ሰንዳፋ በገደቡ ውስጥ ናቸው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ግን ገደቡን ልታልፉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ትልቅ መጠን ከፈለጋችሁ ሂሊየም ጋዝ ተሞልቶ ስለታሸገ የውጭ አየር የማይገባበትን፣ ትንሽ ከበቃችሁ ደግሞ የሚሽከረከር አካል የሌለውን ኤስኤስዲ እመርጥላችኋለሁ። ለካሜራ ሌት ተቀን ለመቅዳት የተሠሩት የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል ወይም የሲጌት ስካይሆክ ይሻላሉ።

ከዲስኩ ጋር መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያሠራውን ዩፒኤስ ግዙ። ስታብላይዘር የቮልቴጅ መዋዠቅን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ድንገት እንዳይቆም አያደርግም።

ዲስኩ እጃችሁ እንደገባ፣ ዋስትናው በተገዛበት አገር ብቻ የሚያገለግል ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ አገር ቤት ከመምጣታችሁ በፊት ሙሉውን ጽፋችሁና አንብባችሁ ፈትሹት። ከዚያ ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሥራ ሰዓቱን እዩ፤ «አዲስ» ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ሺህ ሰዓት ካሳየ ለሻጩ መልሱ። በተራ ቁጥር 5 (ተበላሽተው የተተኩ የዲስኩ ክፍሎች) እና 197 (ፕሮግራሙ C5 ብሎ የሚያሳየው፣ ማንበብ ያስቸገሩ ክፍሎች) ሥር የሚታየው ጥሬ ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነም አትቀበሉት። ዜሮ መሆኑ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ዲስክ ስለራሱ ከሚመዘግባቸው የብልሽት ምልክቶች በዋናዎቹ አራት አንድም ማስጠንቀቂያ አላሳዩም። በዚህ ምክንያት ሰነድና ፎቶግራፍ ለሚቀመጥበት ሥራ ሁለት ዲስክ ግዙ፤ ሁለቱም ከአንድ ምርት እንዳይሆኑ ሞዴላቸው ወይም አምራቻቸው ይለያይ፤ አንዱ ሱሉልታ ሲቀመጥ ሌላው ከተማ መሃል በሚኖር ዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜም ሁለቱን አገናኝታችሁ ፋይሎቹ መከፈታቸውን አረጋግጡ።