ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ቱቦው ላይ ያለው ጽሑፍ የተሳሳተ የጥርስ ሳሙና

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከአንድ የቅናሽ ሱቅ የገዛሁት የጥርስ ሳሙና ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የፊደል ስሕተት እንዳለበት ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። የ4 ዓመት ልጄ ለአንድ ሳምንት ተጠቅማበታለች፤ አረፋውንም የመዋጥ ልማድ አላት። ሊያሳስበኝ ይገባል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጽሑፉን ልብ ብለው ማንበብዎ በጣም ጠቅሟል፤ ሳሙናውን ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ። እ.ኤ.አ. በጁን 2007 በኒው ዮርክ፣ በኒው ጀርሲ፣ በፔንስልቬንያና እርስዎ በሚኖሩበት በሜሪላንድ የቅናሽ ሱቆች የኮልጌትን ስም የያዘ ሐሰተኛ የጥርስ ሳሙና ተገኝቶ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ቱቦው በደቡብ አፍሪካ እንደተመረተ ይገልጽ ነበር፤ ኩባንያው ግን ከዚያ አገር ወደ አሜሪካ የጥርስ ሳሙና እንደማያስገባ አስታወቀ። ማጭበርበሩን ካጋለጡት ምልክቶች አንዱ የፊደል ስሕተት ነበር፦ «አፍሪካ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ በ«አይ» ፊደል ቦታ «ኤል» ገብታ ነበር።

በዚያው ወር መሥሪያ ቤቱ ከቻይና በገቡ አንዳንድ የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ዳይኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል አግኝቶ ነበር። ሳሙናው እንዳይደርቅ የሚጨመረው ግሊሰሪን ነው፤ ይህ ኬሚካል ደግሞ እንደ ግሊሰሪን የሚጣፍጥና ርካሽ በመሆኑ በእርሱ ምትክ ይገባል። ወደ ሰውነት ሲገባ ከሁሉ በላይ ኩላሊትን ይጎዳል። በ1937 በአሜሪካ በዚሁ ኬሚካል የተበጠበጠ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ። በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገኘው መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ በ2007 ማስጠንቀቂያው ሲወጣ በአገሪቱ በሳሙናው የተመረዘ ሰው መኖሩ አልተመዘገበም ነበር። ሆኖም አዋቂ አረፋውን ይተፋል፤ ሕፃን ይውጣል፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ለሕፃናትና ኩላሊት ወይም ጉበት ለሚያማቸው ሰዎች ሥጋት እንዳለው ገልጿል። የልጅዎ ልማድ እኔንም የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው።

በእርስዎ ቱቦ ውስጥ ምን እንዳለ ያለ ምርመራ ማወቅ አይቻልም። ልጅዎ ሽንቷ ከቀነሰ፣ ካስመለሳት፣ ሆዷን ካመማት ወይም ከወትሮው በተለየ ካንቀላፋች ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ደኅና ብትመስልም ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ደውለው የሆነውን ይንገሩ፤ ሐኪሟ አስፈላጊ መስሎ ከታየው የኩላሊት የደም ምርመራ ያዝላታል። ቱቦውን አይጣሉት፤ በፕላስቲክ ጠቅልለው ከልጅዋ እጅ ያርቁትና ለምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲያመለክቱ በማስረጃነት ያቅርቡት። ከእንግዲህ በብሩሹ ላይ የሚያደርጉላት ሳሙና ከአተር ፍሬ አይብለጥ፤ አዲስ እስኪገዙ ድረስም ጥርሷን በብሩሽና በውኃ ብቻ ያጽዱላት።