ሳይፈርም ዋጋውን ይወቅ

ጥያቄ፦ ልጄ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቋል። አሜሪካ ሄዶ ሕግ መማር ይፈልጋል። ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቱ «አስገዳጅ በሆነው የቅድሚያ ማመልከቻ ይግባ፤ ዕድሉ ይሰፋል» ይለናል። እኔ ግዴታው አልገባኝም። ለክፍያው ሱቄን ልሸጥ አስቤያለሁ።
አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሱቁን አይንኩት።

ልጅዎ ቅጽ ላይ የሚፈርመው ግዴታ እንዲህ ነው። ልጅዎ በዚህ መንገድ የሚያመለክተው ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ከተቀበሉት ይገባል፤ ሌላ ቦታ ያስገባቸውን ማመልከቻዎች በሙሉ ያነሳል፣ አዲስም አያስገባም። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ገደማ ይዘጋል። የኮሎምቢያና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ይህ አሠራር አላቸው፤ የሃርቫርድና የዬል ግን የላቸውም። ስለዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት ለመግባት የግድ መፈረም ያስፈልጋል የሚልዎት ሰው ካለ አያምኑት።

አጎቱ ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም፤ ትምህርት ቤቶች የማይሸሽ ተማሪ ይወዳሉ። ችግሩ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። እዚያ ለሕግ ተማሪ የሚሰጠው የክፍያ ቅናሽ በአብዛኛው በፉክክር የሚገኝ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ የተቀበሉት ልጅ «እነእገሌ ይህን ያህል ቀንሰውልኛል» ብሎ ይጽፋል፤ አንዳንዴም ይጨምሩለታል። የፈረመው በምን ይከራከራል? እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ወጥተው ባለበጉን «ይህን ሳልይዝ ቤቴ አልገባም» ካሉት በኋላ እስቲ ዋጋ ያስቀንሱ!

ዋጋው ደግሞ የበግ አይደለም። በታወቁት ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያው ክፍያ ብቻ በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር ያልፋል፤ ትምህርቱ 3 ዓመት ነው። የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ብድር በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ የውጭ ዜጋ አይሰጥም። ለቪዛው ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን ማሳየት ግድ ነው። በብር የተሸጠ ሱቅ ይህን የት ያደርሰዋል?

አንድ ነገር ሐሳቤን ያስቀይረኛል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከዚሁ ማመልከቻ ጋር መጠኑ አስቀድሞ የተነገረ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ከተገኘና ልጁም ትምህርት ቤቱን ከልቡ ከወደደው ይፈርም።

ካልሆነ ግን በመደበኛው መንገድ ቶሎ ያመልክት። ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚመለከቱት በደረሰበት ቅደም ተከተል ነው፤ ከመስቀል በኋላ ሳይዘገይ ያስገባ ሰው ሳይታሰር ይቀድማል። የውጤት ማስረጃው ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ መላክ ስላለበት ጥያቄውን በክረምት ያቅርብ። ጉልበቱን ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያው ፈተና፣ ለኤልሳት ያውለው፤ ነጥቡ ከ120 እስከ 180 ነው፣ ጥቂት ነጥብ መጨመር ከፊርማው ይልቅ ቅናሽ ያመጣል።

አሁን ግን ልጁ በቅድሚያ ሊያመለክትበት ላሰበው ትምህርት ቤት እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «በዚህ መንገድ ብገባ ለውጭ ዜጋ ስንት ትሰጣላችሁ? የምትነግሩኝስ ከመፈረሜ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» «በኋላ» ካሉት ቅጹን ይተወው።